ሁለት ጊዜ የተጻፈው ግሥ

«ታዲያ ተዘግቷል ነው የሚለው?» አለ በያጁ።

የተርጓሚዋ ጣቶች የኮምፒውተሩ ፊደሎች ላይ እንዳረፉ ቀርተዋል። በያጁ የመጣው ድሮ ተቀጥሮበት ከነበረ የጀርመን ፋብሪካ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቆ የደረሰውን መልስ ሊያስተረጉም ነው። ደብዳቤዋ አራት መስመር ብቻ ናት። ሦስተኛዋ መስመር ፋብሪካው እዚያ ከተማ ውስጥ የነበረውን ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመት እንዳለፈው ትናገራለች። ተርጓሚዋ «ሥራውን አቁሟል» ብላ በትክክል ጽፋዋለች። ያደረቃት የጻፈችው ሳይሆን ያነበበችው ነበር።

«እትዬ፣ መጥፎ ነገር አለው እንዴ?»

«ላንተ የለውም» አለች ራሷን ሰብስባ። «ፋብሪካው ሥራ አቁሟል። ማስረጃህን ግን መዝገብ ቤታቸው በአንድ ወር ውስጥ ይልክልሃል ይላል።»

«እሰይ! እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው ለካ የተዘጋው። ያለ እኔ አልሆነላቸውም ማለት ነው!»

ብቻውን ሳቀ። እሷ ወረቀቱን አተመችና ማኅተሟን አነሳች፤ አንዴ ገልብጣ መታችው፣ ሌላ ወረቀት አትማ ደግማ መታች። በያጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ዋናውን ደብዳቤ ከጎኑ ዘረጋ።

«‹አቁሟል› የሚለው የቱ ነው? ልጆቼን ላሳያቸው።»

በጣቷ ነካችለት። ‹አይንገሽቴልት› ይላል።

«ኧረ ለመዝጋት ይሄን ሁሉ ፊደል!» አለና አመስግኖ ወጣ። ደረጃውን እያፏጨ ሲወርድ ተሰማት።

ተርጓሚዋ ተነስታ በሩን ዘጋች። ቢሮዋ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያና ጀርባቸው በፕላስተር የተያያዘ ሦስት መዝገበ ቃላት አሉባት። የምትተረጉመውን ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ታስቀምጣለች። ያለፈውን ሳምንት ክላሰር አወረደችና የቅዳሜውን ወረቀት አወጣች።

የሆስፒታል ደብዳቤ ነው፤ የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ ሁለት ዓመት የቆየ ሕመም። አብዛኛው ገጽ የምርመራ ውጤትና የቀን ዝርዝር ነው። ከግርጌ ግን ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉ። እሷ እንዲህ ብላ ነበር የተረጎመቻቸው፦ «ሕክምናው ተስተካክሏል። ታካሚው በአሁኑ ጊዜ በሕመም ማስታገሻው በሚገባ ተስተካክሏል።» በዋናው ላይ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች የሚያልቁት በአንድ ግሥ ነው፤ አሁን ለበያጁ በጣቷ በነካችው ግሥ።

ያንን ግሥ ከተማሪነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። መነሻው አይንሽቴለን ነው። ተነጣይ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ‹ሽቴለን› ማለት አንድን ነገር አቁሞ ማስቀመጥ፣ ‹አይን› ደግሞ ወደ ውስጥ። አንዳንዴ ሁለቱ ይለያዩና ትንሿ ቁራጭ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ተጥላ ትገኛለች፤ እሷ እስክትመጣ ተናጋሪው ምን እንዳለ አይታወቅም። መኪና ጋራዥ ማስገባትም እሱ ነው። ሠራተኛ መቅጠርም እሱ ነው። የሬዲዮ ጣቢያ መፈለግ፣ ሰዓት መሙላት፣ ወንበር ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ሁሉም እሱ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞችን ደብዳቤ በመቶ የሚቆጠር ተርጉማለች፤ እዚያ ውስጥ ግሡ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ መድኃኒቱ ከሰውየው ጋር ተስማምቷል፣ መጠኑ ተስተካክሏል። ዓይኗ ቃሉን ሲያይ እጇ ሳታዘው ይጽፈዋል። ቅዳሜም እጇ ነው የጻፈው።

ወረቀቱን የወሰዱት የታካሚው አባት ነበሩ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሬዲዮ ጠጋኝ። ልጃቸው አገሩን ለቆ ከሄደ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በስልክ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ ስለማይነግራቸው፣ የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ሲጨቀጭቁት ከርመው በመጨረሻ ላከላቸው። «ማንም አያነበውም ብሎ ነው መሰለኝ» ብለው ስቀው ነበር ሲያስረክቧት። ያቺ ከግርጌ ያለች ነገር ምን ማለት እንደሆነች ሲጠይቋትም እሷ ወረቀቱ ላይ ባለው ብቻ አላበቃችም።

«እርስዎ ሬዲዮ ይጠግኑ የለ? ጣቢያው ሲንጫጫ ቁልፉን ትንሽ አዙረው ጥርት የሚያደርጉት ማለት ነው» አለቻቸው።

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን አጋጭተው ነበር።

አንድ ጊዜ ተሳስቼ ይሆናል ብላ አላበቃችም፤ አልተሳሳትኩም ይሆናል ብላም ሞከረች። ትልቁን መዝገበ ቃላት ከፈተች። ትርጉሞቹ ከአንድ እስከ ስምንት ተዘርዝረዋል፤ «ማቋረጥ፣ መተው፣ ከእንግዲህ አለመቀጠል» የሚለው ሦስተኛው ላይ ነው። ከዚያ ስልኳን አነሳችና የድሮ መምህሯ ዘንድ ደወለች። መምህሩ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ድምፃቸው ግን ዛሬም ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስል ከፍ ያለ ነው።

«ማነው? አንቺ ነሽ? ቆይ የጆሮዬን መሣሪያ ላድርግ።»

«መምህር፣ ስለ አይንሽቴለን ነበር።»

«መጀመሪያ ደህና አደሩ አይባልም?»

«ደህና አደሩ መምህር።»

«እግዜር ይመስገን። ምኑ ቸገረሽ?»

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ቀስ ብላ አነበበችላቸው።

«የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማነው?»

«ሕክምናው።»

«የሁለተኛውስ?»

«ታካሚው።»

«በቃ። ታካሚው ተስተካክሏል፤ ሕክምናው ቆሟል። በመድኃኒት የሚስተካከለው ሰው ነው። ሕክምና ራሱ ሲሆን ግን ተትቷል ማለት ነው። የሚያድነውን ትተው፣ ሕመም እንዳይሰማው የሚያደርገውን ሰጥተውታል።»

«ጎን ለጎን እኮ ናቸው መምህር። አንድ ሐኪም በአንድ ትንፋሽ የጻፋቸው። እንዴት በአንድ ግሥ ይሄንንም ያንንም ይላል?»

«ምን ይገርማል? እኛስ ‹አቆመ› እንል የለ? ድንኳን አቆመ ስትዪ ተከለ ነው፤ ሥራ አቆመ ስትዪ ተወ ነው። እናትሽ በዚህ አንድ ቀን ተምታቶባት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«በሰው ቋንቋ ሲሆን ነው እንጂ፣ አንዱን ትርጉም ይዘን ሙጭጭ የምንለው።» መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወረቀቱ ወጥቷል?»

«ማኅተም አርፎበት። ቅዳሜ።»

«ለማን?»

«ለአባትየው።»

ከወዲያ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እንግዲህ ይሄ በስልክ የሚነገር አይደለም» አሉ መምህሩ።

እሷም ያንን ታውቀዋለች፤ ለዚህም ይሆናል ቀድማ እሳቸው ጋ የደወለችው። ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ሁለቱን መስመሮች እንደገና ጻፈች። «ሕክምናው ተቋርጧል። ታካሚው በአሁኑ ጊዜ የሕመም ማስታገሻ እየተሰጠው ሕመሙ ተረጋግቷል።» አሥር ቃል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ወሰደባት። አትማ፣ ማኅተሙን በትክክለኛው በኩል መትታ፣ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። የሬዲዮ ጠጋኙን አድራሻ ከመዝገቧ ላይ ቀዳችና ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ንግግሯን ስታሰናዳ ሄደች። «አንድ ትንሽ ስህተት ተገኝታለች» አለች በልቧ። «ትንሽ» የምትለውን ሰረዘች። «ተገኝታለች» የሚለውም ደስ አላላትም፤ ስህተቱን ሌላ ሰው ጥሎት እሷ መንገድ ላይ ያገኘችው ያስመስለዋል። «ተሳስቻለሁ» ብላ ተካችው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል አልመጣላትም። ሁለት ፌርማታ አልፋ ወረደች።

ሱቁ ከአንድ የድሮ ሲኒማ ቤት ሥር፣ በጫማ ጠጋኝና በመነጽር ሻጭ መሃል ነው። ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ሽማግሌው ግንባራቸው ላይ ማጉያ መነጽር አስረው፣ በቀጭን ካቻቢቴ አንዲት ብሎን እየፈቱ ነበር። ቀና ሲሉ አዩዋት።

«አንቺ! ተርጓሚዬ! ነይ ግቢ፣ ግቢ።» ካቻቢቴውን ጣሉትና ወንበር ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን አቅፈው ወለሉ ላይ አወረዱ። «በይ ተቀመጪ። እኔ ደግሞ በዚያው ሳላመሰግንሽ ቀረሁ እያልኩ ነበር። እንቅልፍ መተኛት ከጀመርኩ እኮ ሦስት ቀኔ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይኔን ገልጬ ነው ያደርኩት፤ ባለፈው ቅዳሜ ግን እንደ ሕፃን።»

«አባባ፣ የመጣሁት...»

«ቆይ ልጨርስልሽ። እሑድ ሲደውል ወረቀትሽን አውጥቼ አነበብኩለት። ‹ሕክምናህ ተስተካክሏል ይላል፤ ለምን ደበቅከኝ?› አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ‹አዎ አባዬ፣ ተስተካክሏል› አለኝ። ከራሱ አፍ ሰማሁት!»

ተርጓሚዋ ፖስታውን ከቦርሳዋ ግማሽ አውጥታ ነበር፤ እጇ እዚያው ቀረ። ልጅየው የዚያን አገር ቋንቋ አሥራ ስድስት ዓመት ኖሮበታል። ደብዳቤው ምን እንደሚል ከእሷ በፊት፣ ከእሷ የበለጠ ያውቃል።

«እንዲያውም ልንገርሽ» ቀጠሉ ሽማግሌው፣ ወደ እሷ ጎንበስ ብለው። «ለሐሙስ የቪዛ ቀጠሮ ነበረኝ። እሱ አያውቅም። ድንገት በሩ ላይ ዱብ ልልበት አስቤ። አሁን ግን ከተስተካከለ ምን አስሮጠኝ? እሱም ‹ሙቀቱ ሲመጣ ብትመጣ ነው የሚሻለው፣ ብርዱ አይጣል ነው› አለኝ። ሴቷ ልጄ ዛሬ ከሥራ ስትገባ በኢንተርኔት ትሰርዘዋለች።»

«አይሰርዙት» አለች ተርጓሚዋ።

«እ?»

«ቀጠሮውን። አይሰርዙት አባባ።»

ሽማግሌው ማጉያውን ከግንባራቸው አወለቁ። ሊጠይቋት አፋቸውን ሲከፍቱ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ከብሎኖቹ መሃል፣ ስልካቸው ጮኸ። ስሙን አይተው ፊታቸው ሁሉ በራ።

«እሱ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሚደውለው። ሃሎ! እንዴት አደርክ የኔ ጌታ? በላህ? ... እሰይ። ማን እዚህ እንዳለች ታውቃለህ? ወረቀትህን የተረጎመችልን ሴትዮ! አዎ፣ አጠገቤ። እንካ አመስግናት፣ እንካ።»

ስልኩን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ልጅየው። ድምፁ ቀጭን ነው፤ በየሁለት ቃሉ ያርፋል። ከዚያ፣ በር እንደሚዘጋ ሰው ቀስ ብሎ፣ ወደ ጀርመንኛ ተሻገረ። «አባቴ ይሰማል?»

«አጠገቤ ናቸው» አለች እሷም በዚያው ቋንቋ።

«ደርሰውበታል መሰለኝ።»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እኔ እሑድ ሲያነብልኝ ነው የገባኝ። ላርመው ነበር። ግን ደስ ብሎት ነበር። ድምፁን እንደዚያ ሆኖ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ!»

«ምን ያህል ጊዜ አለዎት?»

«ሳምንታት። አንድ ወር ከሞላ ብዙ ነው።»

ሽማግሌው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እንደሚመለከት ሰው ስልኩንና እሷን ያያሉ። ፈገግታቸው አልጠፋም። «ቋንቋዋን እየፈተናት ነው!» አሉ ለራሳቸው።

«ሐሙስ የቪዛ ቀጠሮ እንዳላቸው ያውቃሉ?» አለች ተርጓሚዋ።

ከጀርባው አንድ መሣሪያ በልኩ ድም ድም ይላል።

«የምን ቀጠሮ?»

«ሳይነግሩዎት ሊመጡ ነበር። ዛሬ ሊሰርዙት ነው። እኔ በጻፍኩት ወረቀት ምክንያት።»

«እንዲህ ሆኜ እንዲያየኝ አልፈልግም» አለ። «እሱ የሸኘው ሰው ሰማንያ ኪሎ ነበር። ይተዉት። የዋህ ሆኖ ይቆይልኝ። ከዚያ በኋላ እህቴ ትነግረዋለች።»

«ይሄንን ልተወው አልችልም፤ ማኅተሜ ያለበት...»

«ሆረን ዚ» አለ።

‹ሆረን› መስማት ነው። «ይስሙኝ» ሊላት መስሏት የሚቀጥለውን ጠበቀች። ሰውየው ትንፋሽ አጥሮት ቆየ። የዓረፍተ ነገሩ የመጨረሻ ቁራጭ ዘግይታ መጣች፤ «አውፍ።» ይስሙኝ ማለቱ አልነበረም። ያቁሙ ማለቱ ነበር። በልመና ድምፅ ነው ያለው።

ተርጓሚዋ ሽማግሌውን አየቻቸው። ከሁለት ክንድ የማይበልጥ ርቀት ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ሲያወራ እየሰሙ፣ አንድ ቃል አልገባቸውም። ሥራዋ ይህንን ርቀት ማጥፋት ነበር፤ አሁን ግን ግድግዳው ሆና ቆማለች።

«እኔና አንተ» አለች፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ ሽማግሌው በሚሰሙት ድምፅ፣ «እኔና አንተ ከአሁን በኋላ አባትህ በሚሰሙት ቋንቋ ነው የምናወራው። የአንተን ነገር አንተ ንገራቸው፤ እሱ ያንተ ነው። እኔ የራሴን ስህተት ሳልናገር ከዚህ አልነሳም።»

ልጅየው ስልኩን አልዘጋውም። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ስልኩን ከብሎኖቹ መሃል፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የሽማግሌው ፈገግታ የት እንደሚገባ ያጣ ይመስል ፊታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። «የምን ስህተት?»

«ተሳስቻለሁ አባባ። ቅዳሜ የሰጠሁዎት ወረቀት ላይ ሕክምናው ተስተካክሏል ብዬ ጽፌያለሁ። እንደዚያ አይልም። ሕክምናው ቆሟል ነው የሚለው። የተስተካከለው የሕመም ማስታገሻው ነው። እንዳያመው እያደረጉት ነው፤ የሚያድነውን ግን ትተውታል።»

ውጭ ጫማ ጠጋኙ ሶል ይመታል። ሽማግሌው ፖስታውን ከእጇ ተቀበሉና ወረቀቱን አውጥተው አዩት፤ ከዚያ መሳቢያቸውን ስበው የቅዳሜውን አወጡ፤ ዋናውንም አወጡ። ሦስቱን ጎን ለጎን ዘረጉ። ማጉያቸውን እንደገና አጠለቁ።

«ቃሉን አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው።

«ይሄስ?»

«እሱም ራሱ ነው።»

«አንድ ናቸው እኮ። ፊደላቸው አንድ ነው።»

«አዎ። የሚለያቸው ከፊታቸው ያለው ነው። እዚህ ጋ ሕክምናው ይላል፤ እዚህ ጋ ታካሚው።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ ወሰዱት። የተቃጠለች ሽቦ ሲፈልጉም እንዲሁ ሳያደርጉ አይቀሩም። ከዚያ ጣታቸውን አነሱና ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ አባዬ።»

«እሑድ ሳነብልህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ልጅ ሆነህ ሬዲዮ ስትሰብር እንኳ መጥተህ ትነግረኝ ነበር እኮ» አሉ ሽማግሌው። «ደብቀህ አታውቅም። ይሄ እንዴት ይደበቃል?»

ከስልኩ ውስጥ የመሣሪያው ድም ድም ብቻ ነበር የሚሰማው። ተርጓሚዋ ተነስታ ወደ በሩ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች። መነጽር ሻጩ አንዲት ሴት ፊት ላይ መነጽር እያፈራረቀ ይለካል። ሴትየዋ ሁሉንም ጠላችው።

«ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ» አሉ ከኋላዋ ሽማግሌው። «ቪዛው እንደወጣ በመጀመሪያው አውሮፕላን ነው የምሳፈረው። አትምጣ እንዳትለኝ።»

«ከስቻለሁ አባዬ። ሳታውቀኝ ብታልፈኝስ?»

«አንተን?» አሉ ሽማግሌው።

«ና» አለ ልጅየው። «በቶሎ ና አባዬ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሽማግሌው አላለቀሱም። የጀመሯትን ብሎን ፈለጉ፤ አገኟት፤ ክዳን ውስጥ አስቀመጧት። ሴት ልጃቸው ጋ ደውለው «የሐሙሱን እንዳትነኪው። አይደለም፣ አልተሳሳትኩም። ስትመጪ እነግርሻለሁ» አሏት። ከዚያ ብቻ ነው ወደ ተርጓሚዋ የዞሩት።

«በአንቺ ስህተት ሦስት ሌሊት ተኝቻለሁ» አሉ። «ልመርቅሽ ይሁን ልርገምሽ አላውቅም።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«አታውቂም። እኔም አላውቅም።» ሁለቱን የእሷን ወረቀቶች አንስተው መሳቢያው ውስጥ ከተቱ፤ የተሳሳተውንም ጨምረው። እንድትወስደው ልትጠይቃቸው አስባ ተወችው። የእሳቸው ነው።

ቦርሳዋን አንስታ ልትሰናበታቸው ስትል እጃቸውን አወዛወዙ። «ቆይ። የምጠይቅሽ አለኝ። እዚያ ስደርስ ሆስፒታሉ በር ላይ የሚያቆመኝ ሰው አይጠፋም። ምን እለዋለሁ? በኛ ፊደል ጻፊልኝ፣ እንዳነበው።»

የአንድ ሬዲዮ ካርቶን ጥግ ቀደው ሰጧት። ተርጓሚዋ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ «ኢሽ ቢን አንገኮመን» ብላ ጀመረች፤ መጥቻለሁ፣ ደርሻለሁ ማለት ነው። ግን ይህም ግሥ ፊቱ ላይ ቁራጭ የተለጠፈበት፣ ከሚነጣጠሉት አንዱ ነበር። አንድ ሽማግሌ ደክሞት፣ ብርድ ላይ ቆሞ ቁራጯን ቢረሳትስ? ሰረዘችው። ካርቶኑን ገልብጣ፣ በትላልቅ ፊደል፣ አራት አጫጭር ቃላት ጻፈች፦ «ኢሽ ቢን ዛይን ፋተር።»

ሽማግሌው ወደ ብርሃኑ አስጠግተው እንደ ተማሪ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ምን ማለት ነው?»

«አባቱ ነኝ።»

ካርቶኑን እንደያዙ ቀና ብለው አዩዋት።

«ሌላ ትርጉም የለውም?»

«የለውም» አለች። ቦርሳዋን መልሳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና፣ አፋቸው እስኪለምደው ድረስ አንድ በአንድ ታስደግማቸው ጀመር።